ከፀሐይ የማይከብደው ኮከብ

«ልቀቀው» አሉ ድንኳን ሰፊዋ።

መቀሱ የሚሉት ሠራተኛቸው ጫፉን ለቀቀና ወደ ኋላ አለ። ከጎረቤት ጋራዥ በውሰት የመጣው ማራገቢያ እያጓራ ነፋሱን በጨርቅ ቱቦ ውስጥ ይነዳል። ግቢውን ሞልቶ የተዘረጋው ብርቱካናማ ሸራ መሐሉ ላይ አበጠ፤ እስከ ወገብ ድረስ ተነሳ፤ ተንገዳገደ፤ ከዚያ በጎኑ ተኛ።

«ጨምርበት።»

«መጨረሻው ላይ ነው እትዬ።»

«እንግዲያው ደግፈህ አንሳው።»

መቀሱ በስፌት የሚያግዙትን ሁለት ሴቶች ጠራና ሦስት ሆነው ጠርዙን ከመሬት አላቀቁት። ደረታቸው ድረስ አደረሱት። ሲለቁት ሸራው ቀስ ብሎ ወረደና መሬቱን ያዘ።

«የወለደች ላም ነው የሚመስለው» አለ መቀሱ ላቡን እየጠረገ። «ሳር እናቅርብላት።»

«አንተ ምላስህን ሰብስብና ቱቦውን እየው። የሆነ ቦታ ነፋስ እያፈሰሰ ነው።»

ነፋስ የሚያፈስበት ቦታ አልነበረም። መቀሱም እሳቸውም ያውቁታል። ከዚህ ግቢ ወጥቶ ያፈሰሰ ሸራ የለም። መቀሱ ግን ጎንበስ ብሎ ቱቦውን የሚያይ መሰለ፤ ብዙ ዓመት አብሯቸው ሲሠራ መቼ መታዘዝ፣ መቼ መቀለድ እንዳለበት ተምሯል። እውነተኛ ስሙን ደንበኞች አያውቁትም። ጨርቅ የሚቆርጠው እሱ ስለሆነ መቀሱ ይሉታል፤ ምላሱም ስለሚቆርጥ ስሙ ጸንቶበታል።

በጎኑ የተኛው ሸራ ኮከብ መሆን ነበረበት።

ያዘዘቻቸው ልጃቸው ናት። ልጅቱ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ታስተምራለች። ትምህርት ቤቱ ለወላጆች የሳይንስ ትርኢት ሲያዘጋጅ፣ ብርቱካናማ ግዙፍ የሚባለውን ዓይነት ኮከብ በስፖርት አዳራሹ ውስጥ አቆማለሁ አለች። ፀሐይ የእግር ኳስ ታክላለች፤ ኮከቡ አጠገቧ ይቆማል፤ ሰው እየዞረ ልዩነቱን በዓይኑ ያያል። ርዕሰ መምህሩ ማን እንደሚሠራው ሲጠይቋት «እናቴ» አለች። በመምህራን ክፍል ውስጥ የሳቁ ነበሩ። ርዕሰ መምህሩ አልሳቁም፤ ግን የትርኢቱ ጠዋት ኮከቡ ካልቆመ በቦታው የታተመ ሥዕል እንደሚሰቀል፣ የእሷም ተራ እንደሚታለፍ ነገሯት። ለሥዕሉ ግድግዳውን ቀድመው አስለክተዋል።

ትርኢቱ ቅዳሜ ነው። ሸራው የተኛው ሰኞ ነው።

ድንኳን ሰፊዋ ሥራ የጀመሩት በጆንያ ነው። የተቀደደ የእህል ጆንያ የሚጠግን ቤት ተቀጥረው፣ በወፍራም መርፌ ወፍራም ክር ሲጎትቱ አደጉ። ከጆንያ ወደ ጭነት መኪና ልብስ፣ ከዚያ ወደ ሱቅ በር ጥላ፣ ከጥላ ወደ ድንኳን ተሻገሩ። ባላቸው የሞተባቸው ልጅቱ ዳዴ ስትል ነበር። የሐዘኑ ጊዜ ሲያልፍ አንድ የስፌት መኪናቸውን ተሸክመው ይህን ግቢ ተከራዩ። መኪናው አሁንም ይሠራል። ማንም እንዲነካው አይፈቅዱም።

ስማቸውን ያወጣው አንድ ነፋስ ነው። የከተማው ነጋዴዎች ሜዳ ላይ ባዛር ከፍተው ሳለ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሳ። ድንኳኖቹ አንድ በአንድ እየተነቀሉ አጥሩ ላይ ተጠመጠሙ። አንዱ ብቻ ቆሞ ቀረ፤ ዕቃው የበረረበት ሁሉ እዚያው ሥር ገብቶ ተጠለለ። ነፋሱ ሲያልፍ ሰዎቹ ጣሪያውን ቀና ብለው እያዩ «የማን ሥራ ነው?» ተባባሉ። ድንኳን ሰፊዋ ይህን ታሪክ ራሳቸው አያነሱም። ሰው እስኪያነሳው ይጠብቃሉ። ካልተነሳ ያነሱታል።

የዚያ ድንኳን ምሥጢር ምሥጢር አልነበረም፤ ሸራው ድርብ ነበር። ማዕዘኑ ላይ ደግሞ ሦስት ጊዜ ተደርቧል። በቤታቸው ሕግ አንድ ነው፤ የተጠራጠርክበትን ደርብ። አዲስ የተቀጠረች ልጅ መጀመሪያ የምትማረው ስፌት ሳይሆን መደረብ ነው።

ልጃቸው ያደገችው በመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ነው። እዚያ ተኝታ፣ እዚያ በልታ፣ እዚያ የቤት ሥራዋን ሠርታለች። ደብተር ሲያልቅባት በስፌት ጠመኔ ሸራ ላይ ትጽፍ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ደንበኛ አዲስ ድንኳን ከተከለ በኋላ መጥቶ «ጣሪያው ውስጥ ቀለበት ያላት ኳስ ተስላለች» ብሎ አመለከተ። ድንኳን ሰፊዋ «ሳተርን ናት» አሉት። ልጃቸው ስትነግራቸው ሰምተዋል። «በነፃ ነው የጨመርንልህ።»

ልጅቱ ተመርቃ ማስተማር ስትጀምር ለመጣው ደንበኛ ሁሉ «ልጄ የኮከብ መምህርት ናት» ይሉ ጀመር። ግማሹ ኮከብ ቆጣሪ መሰለችው። አንድ የእንጨት ነጋዴ የእናቱን ስም ነግሯቸው ዕጣ ፈንታውን እንድታይለት ለመናቸው። ድንኳን ሰፊዋ አልተቆጡም። «የሷ ሒሳብ ነው፣ አንተ አትችለውም» ብለው ሸኙት።

እንግዲህ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ያቺው ልጅ የመጽሐፍ ቦርሳዋን በትከሻዋ አንግባ፣ በሌላ እጇ አንድ ዘንቢል ይዛ ግቢው በር ላይ ቆመች። ዘንቢሉ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላታል።

«ምን ሆኖ ነው የተኛው?»

«ደክሞት» አለ መቀሱ።

ልጅቱ ቀርባ የሸራውን ጠርዝ በሁለት ጣቷ አሸት አሸት አደረገችው። «እማዬ፣ ይሄ ድርብ ነው እንዴ?»

«ድርብ ነዋ። አምስት ሜትር ተኩል የሆነ ነገር በነጠላ ይቆማል? የሱቅ ጥላ እንኳ ነጠላ አልሰጥም፣ ለልጄ ኮከብ ነጠላ ልስጥ?»

ልጅቱ ዘንቢሉን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈችው። ከውስጡ የቆዳ ኳስ አወጣች። ኳሱ ሲቀመጥ ጠረጴዛው ጓ አለ።

«እስቲ አንሺው።»

ድንኳን ሰፊዋ በአንድ እጃቸው ሊያነሱት ሞከሩ። ሁለተኛውን እጃቸውን ጨመሩበት። «ምን ሞልተሽበት ነው?»

«አሸዋ። ይሄ ፀሐይ ነው። እውነተኛዋ ፀሐይም በአማካይ ወደ አሸዋ የቀረበ ጥቅጥቅታ ነው ያላት፣ ለዚህ ነው አሸዋ ያደረግኩት።»

«ፀሐይሽ ክብደት አላት።»

«ኮከቡም ልክ ይሄንኑ ያህል ነው መመዘን ያለበት።»

መቀሱ ሄዶ ማራገቢያውን አጠፋው።

«የቱ ኮከብ?» አሉ ድንኳን ሰፊዋ።

«ይሄ የተኛው።»

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ እኮ ሃያ አምስት የፀሐይ ስፋት ነው ብለሽኛል።»

«ነው። ስፋቱ ሃያ አምስት እጥፍ ነው። ውስጡ የሚይዘው እንዲህ ያለ ኳስ ከሚይዘው ከአሥራ አምስት ሺህ እጥፍ በላይ ነው። ግን ምንም አልተጨመረበትም፣ እማዬ። ድሮ ወጣት ሳለ እንደ ፀሐይ ያለ ኮከብ ነበር። ልቡ ውስጥ የሚያነደው ሃይድሮጂን ሲያልቅበት ልቡ ተኮማተረ፣ ጋለ፣ ሙቀቱ የላዩን ወደ ውጭ ገፋው። የላዩ ሰፋ፣ ቁሱ ግን ያው ነው። አንድ ጥቅል ጨርቅ ግቢ ሙሉ ሲዘረጋ አይከብድም አይደል? እንደሱ በይው።»

«ስታረጅ ሰፋች በይኛ» አሉ ድንኳን ሰፊዋ ወገባቸውን ይዘው። «ምን አዲስ ነገር አለው።»

ሰፊዎቹ ሳቁ። ልጅቱም ሳቀች፤ ግን እጇን ከሸራው ላይ አላነሳችም። «ፀሐያችንም አንድ ቀን እንደዚሁ ትሆናለች። ብቻ በጣም የሳሳ ነው። ልቡን ትተሽ ሌላው ገላው ከምንተነፍሰው አየር እንኳ ከአሥር እጥፍ በላይ የሳሳ ነው።»

«አየር ይከብድበታል?»

«ይከብድበታል። የምንነፋበት አየር ራሱ ቢመዘን ከኮከቡ ጨርቅ ይበልጣል። እሱን ለወላጆቹ እነግራቸዋለሁ፣ ሌላ የምነፋበት ነገር የለኝም። ጨርቁን ግን እንመዝናለን። በአንድ በኩል ፀሐይ፣ በአንድ በኩል ኮከብ፣ ሚዛን ላይ። ትርኢቱ እሱ ነው። ሌላው ሁሉ ሥዕልም ያሳየዋል።»

«ታዲያ ይሄን ከመጀመሪያው አትነግሪኝም? ስፋቱንና ቀለሙን ሰጥተሽኝ ሄድሽ።»

ልጅቱ እጇን ከሸራው አነሳች። «አልነገርኩሽም። ስፋት ስነግርሽ ውፍረት እንደምትሰሚ ማወቅ ነበረብኝ። እዚህ ቤት አይደል ያደግኩት።»

«እኔ በቀጭን ጨርቅ አልሠራም።»

«እማዬ።»

«ይቀደዳል። ሲቀደድ ሰው የማን ነው ነው የሚለው። ኮከቡ በተፈጥሮው ስስ ነበር ብሎ የሚያዝንልኝ የለም። ሌላ ትልቅ ማራገቢያ ፈልጊ፣ ይሄው ሸራ ይቆማል።»

«ይቆም ይሆናል» አለች ልጅቱ። «ግን ውሸት ነው። ሰው ሸራውን ነክቶ ግዙፍ ኮከብ ከባድ ነው ብሎ ይሄዳል። እኔ ደግሞ አጠገቡ ቆሜ አይደለም እላለሁ። ከዚያ ሥዕሉ ይሻላል።»

በዚህ ግቢ ውስጥ ስፌትን ውሸት ያለው ሰው ኖሮ አያውቅም። መቀሱ መቀሱን አንስቶ መልሶ አስቀመጠ። ልጅቱ የእናቷን ጉንጭ ሳመችና ፀሐይዋን ጠረጴዛው ላይ ትታ ወጣች።

ድንኳን ሰፊዋ ሰገራ ላይ ተቀመጡ። ሻይ ቀርቦላቸው አልጠጡትም። ከዚያ ተነሱ፤ የጨርቅ ጥቅል የሚመዝኑበትን ሚዛን አወረዱና ፀሐይን አንጠለጠሉበት። ቁጥሩን አዩ። ከመደርደሪያው ጨርቅ እያወጡ፣ ክንድ ክንድ እየቆረጡ ይመዝኑ ጀመር። የመኪና ልብስ አይሆንም። የመጋረጃ ጨርቅ አይሆንም። የዝናብ ካፖርት ጨርቅ እንኳ ሦስት ፀሐይ ይሆናል። መጨረሻ ላይ ከአንድ የቆየ ጥግ የኮት ገበር አወጡ፤ ሲነኩት የሚንሸራተት፣ ወደ ብርሃን ሲይዙት እጅ የሚያሳይ ናይለን።

መዘኑት። አባዙት። እንደገና መዘኑት።

«መቀሱ» አሉ፣ «ገበር የሚሸጠው ሰውዬ አሁንም አለ?»

መቀሱ በማግስቱ ጠዋት ሄዶ ቀይ ገበር ተሸክሞ መጣ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ብርቱካናማው እስኪወርድ ቆይ አለኝ። እኔ ደግሞ ቀዩ ይሻላል ብዬ ነው። የበለጠ ይሞቃል።»

ልጅቱ ክፍለ ጊዜ ስላልነበራት ያን ጠዋት እዚያው ነበረች። «የበለጠ ይቀዘቅዛል» አለችው።

«ቀይ ነው የሚቀዘቅዘው?»

«ከኮከቦች ቀዩ ነው ቀዝቃዛው። ከዚያ ብርቱካናማው። ፀሐይ በሙቀት ከሱ ትበልጣለች፣ ነጩ ከፀሐይ ይበልጣል፣ ሰማያዊው ከሁሉም ይበልጣል። የፀሐይ ፊት አምስት ሺህ አምስት መቶ ዲግሪ ያህል ነው፣ የኛ ኮከብ አራት ሺህ አካባቢ።»

«ሚስቴ ስትቆጣ ፊቷ ቀይ ነው የሚሆነው። በረደች ልበል?»

«በላት። ሰማያዊ ስትሆንብህ ነው መሸሽ ያለብህ።»

«እሱንም አይቻለሁ» አለ መቀሱ፣ ቀዩን ጥቅል መልሶ ትከሻው ላይ እያደረገ።

ድንኳን ሰፊዋ ግን ነገሩን አልለቀቁትም። «ከፀሐይ ከቀዘቀዘ ቅድም ከፀሐይ ይበልጥ ያበራል ያልሽው በምን ሒሳብ ነው?»

«በጨርቅ ሒሳብ። ከኮከቡ ፊት አንድ ክንድ ብትቆርጪ፣ ያ ቁራጭ ከፀሐይ ቁራጭ ያነሰ ነው የሚያበራው። ሲሶውን ያህል። ግን ስንት ክንድ አለው?»

ድንኳን ሰፊዋ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። ኳስ የሚያለብስ ጨርቅ ስፋቱ ሲጨምር እንዴት እንደሚባዛ ማንም ሊነግራቸው አያስፈልግም። «ሃያ አምስት ጊዜ ሃያ አምስት።»

«ሲሶውን ውሰጂ።»

«ኧረ ይሄ የብዙ ፀሐይ ብርሃን ነው።»

«ከመቶ በላይ ነው።»

ድንኳን ሰፊዋ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን የአሸዋ ኳስ በአዲስ ዓይን አዩዋት። «ምስኪን» አሉ።

ረቡዕ ኮከቡ ተሰፋ። እንደ ረጅም ቅጠል፣ መሐሉ ሰፍቶ ሁለት ጫፉ የሾለ ቁራጭ ተቆርጦ፣ ቅጠል ከቅጠል ጎን ለጎን ተጋጥሞ ኳስ ሆነ። ገበሩ ከመኪናው ሥር ይሸሻል። ወፍራሙ መርፌ ቀዳዳ እየተወበት ስላስቸገረ የሸሚዝ መርፌ ተፈልጎ መጣ። ድንኳን ሰፊዋ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ይሰፉና መነጽሬ የታለ ይላሉ። ጨርቁን ነጠላ አደረጉት፤ እሱን ተቀብለዋል። ስፌቱን ግን ደረቡት። ቅጠሎቹ አናቱ ላይ በሚገናኙበት ቦታ ደግሞ ከሸራ ቆርጠው ክብ መጣፊያ ለጠፉ። ማንንም አላማከሩም።

ማራገቢያው ሲከፈት ኮከቡ ወዲያው ተነሳ። ሰፊዎቹ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ከግቢው አጥር በላይ ከፍ አለ፣ ተወጠረ፣ ከዚያ ከአናቱ ጀምሮ ቅድድድ የሚል ድምፅ መጣ። የተቀደደው ስፌቱ አልነበረም። ከስፌቱ ጎን ያለው ጨርቅ ነው፤ ከመጣፊያው ተነስቶ ስፌቱን ተከትሎ እስከ ወገብ ወረደ። ኮከቡ ነፋሱን ተፍቶ መሬት ላይ ተንጠፈጠፈ።

«አላልኩም?» አሉ ድንኳን ሰፊዋ። ደስ ብሏቸው አልነበረም።

ሄደው ከተቀደደው አጠገብ ተንበረከኩ። በአውራ ጣታቸው ቀዳዳውን ከላይ እስከ ታች ተከተሉት። ልጅቱ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች።

«ድንኳን ሲሆን» አሉ እንደ መናገርም እንደ ማሰብም አድርገው፣ «ሸክሙ ሁሉ ወደ ምሰሶና ወደ ገመድ ነው የሚሄደው። እዚያ ላይ ታጠነክሪዋለሽ። ይሄ ምሰሶ የለው። ሸክሙን ለማን ነው የሚሰጠው?»

«ለማንም። ሁሉም ቦታ እኩል ነው የሚሸከመው። ኮከቡም የቆመው እንደሱ ነው። የራሱ ክብደት ወደ ውስጥ ይስበዋል፣ የውስጡ ግፊት ወደ ውጭ ይገፋዋል። እያንዳንዱ ቦታ ላይ ሁለቱ ይተካከላሉ። አንዱ ከበለጠ ወይ ይነፋል ወይ ይወድቃል።»

«እኔ አንዱን ቦታ አበለጥኩት።»

«አዎ።»

«ጠንካራው አልለጠጥም አለ፣ ጎረቤቱ የሱንም ድርሻ ተለጠጠ፣ ተቀደደ።»

«አዎ፣ እማዬ።»

ድንኳን ሰፊዋ ተነሱ። ምላጭ አመጡና ሰገራ ላይ ተቀምጠው መጣፊያውንና ድርቡን ስፌት መፍታት ጀመሩ። ሰፊዎቹ መጀመሪያ ገብቷቸው አልነበረም። እትዬ ድርብ ሲፈቱ አይተው አያውቁም። ከዚያ አንደኛዋ ሌላ ምላጭ አመጣችና በሌላኛው ጫፍ ተቀመጠች።

ሐሙስና ዓርብ የተቀደዱት ቅጠሎች ተቀየሩ፤ ሁሉም በነጠላ ስፌት፣ በቀጭን ክር፣ ረዘም ባለ የመርፌ እርምጃ ተሰፋ። ይህ ከመጀመሪያው የከበደ ሥራ ነበር። ድርብ ስፌት የመጀመሪያውን ጥፋት ይሸፍናል፤ ነጠላው አይሸፍንም። ድንኳን ሰፊዋ አንድ ቅጠል ጠመም ባለ ቁጥር ፈትተው ደገሙ። መቀሱ «እትዬ፣ ኮከብ እኮ ነው፣ ከሩቅ ነው የሚታየው» ቢላቸው «አንተም ከሩቅ ነው የምታምረው» አሉት።

ቅዳሜ ጠዋት ኮከቡ በአንድ ከረጢት ገብቶ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደ። መቀሱ ብቻውን ተሸክሞት አንድ ጊዜም አላረፈም። ሰኞ ሦስት ሰው ያላነሳው መሆኑን ለታክሲው ሹፌር ነገረው፤ ሹፌሩ አላመነውም።

አዳራሹ ውስጥ የቅርጫት ኳሱ መረብ ወደ ላይ ታስሯል። ከጣሪያው ብረት ላይ ሁለት ሳህን ያለው የእህል ሚዛን ተንጠልጥሏል። ርዕሰ መምህሩ ክራቫታቸውን አስረው ሚዛኑ አጠገብ ቆመዋል። የታተመው ሥዕል ተጠቅልሎ ግድግዳው ሥር ተጋድሟል፤ መሰላሉም ቀርቧል። ወላጆች ከውጭ ይሰማሉ።

ልጅቱ ፀሐይን በአንዱ ሳህን ላይ አደረገች። መቀሱ ከረጢቱን ገልብጦ የታጠፈውን ኮከብ በሌላው ላይ አሳረፈ። የኮከቡ ሳህን ወረደ። ፀሐይ አየር ላይ ቀረች።

ልጅቱ ሳህኑን በጣቷ ነካ አደረገችው። ተመልሶ ወረደ።

«በጣም አይደለም» አሉ ርዕሰ መምህሩ። «ትንሽ ነው። ወላጅ አይታወቀውም።»

«ለእኔ ይታወቀኛል» አለች ልጅቱ። ድምፅዋ ቀጥኗል። «እኩል ነው ልል ነው እኮ።»

«እናቴ፣ ሰዎቹ በር ላይ ናቸው» አሉ ርዕሰ መምህሩ ወደ ድንኳን ሰፊዋ ዞረው። «በሥዕሉ ብንጀምርስ?»

«ቆዩኝ።»

ድንኳን ሰፊዋ ዝርዝሩን በልባቸው ከለሱት። ገበሩን መዝነዋል። ክሩን መዝነዋል። ቱቦውን መዝነዋል። መቀሱ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እትዬ፣ ቀለበቶቹ።»

ኮከቡ ወለሉን በሚነካበት በታችኛው ጠርዝ ዙሪያውን የነሐስ ቀለበት ተመቶበት ነበር። የገመድ ማሰሪያ ነው። ድንኳን ሰፊዋ ዓርብ ሥራው ሲያልቅ እንደ ልማዳቸው መትተውታል፤ ከእያንዳንዱ ቀለበት ሥር ደግሞ ለጥንካሬ ትንሽ ሸራ ገብቷል። ሲመቱት አላሰቡበትም። ከዚህ ቤት ያለ ቀለበት የወጣ ነገር የለም።

«ለምንድን ነው ያደረጉት?» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

«ለነፋስ።»

ርዕሰ መምህሩ አዳራሹን አዩ፤ ጣሪያውን፣ የተዘጉትን መስኮቶች። «እዚህ ነፋስ የለም እኮ።»

«አሁን አየሁት» አሉ ድንኳን ሰፊዋ። እጃቸውን ወደ መቀሱ ዘረጉ። መቀስ ተሰጣቸው።

አዳራሹ ወለል ላይ ተንበርክከው ቀለበቶቹን አንድ በአንድ ከነሸራቸው ቆርጠው አወጡ። ጠርዙን በእጅ መርፌ አጥፈው ያዙት። ልጅቱ ልትረዳ ስትጎነበስ «አንቺ የምትናገሪውን አስቢ» ብለው መለሷት። ውጭ አንድ ሕፃን ያለቅሳል። ርዕሰ መምህሩ በሩ ድረስ ሄደው ለወላጆቹ የሆነ ነገር ተናግረው ተመለሱ። መሰላሉን ማንም አልነካውም። የመጨረሻውን ክር በጥርሳቸው ቆረጡና ኮከቡን ራሳቸው አጥፈው ሳህኑ ላይ አሳረፉት።

ሚዛኑ ተወዛወዘ። ፀሐይ ወረደች፣ ኮከቡ ወረደ፣ ፀሐይ ወረደች። ከዚያ ቆመ። ሁለቱ ሳህኖች እኩል ነበሩ።

ርዕሰ መምህሩ ጎንበስ ብለው በዓይናቸው ለኩት። ሄደው በሩን ከፈቱ።

ልጅቱ ሚዛኑን ለወላጆቹ አሳየች፤ ሁለቱንም አነሱ፤ እርስ በርስ እየተቀባበሉ መዘኑ። ከዚያ ኮከቡ ወለሉ ላይ ተዘረጋ፤ ማራገቢያው ተከፈተ። ገበሩ ተንሾካሾከ፣ አበጠ፣ ተነሳ። ከሰዎቹ ራስ በላይ፣ ከቅርጫት ኳሱ ቦርድ በላይ ወጣ። ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን አልፎበት የቆሙት ሰዎች ፊት ብርቱካናማ ሆነ። ፀሐይ እግሩ ሥር ተቀምጣለች፤ ሁለት ወላጆች እንዳትረገጥ አለፍ አለፍ እያሉ ይሄዳሉ።

ልጅቱ ተናገረች። ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ብርሃኑ፣ ስለ እርጅናው፣ ስለ ስስነቱ ተናገረች። የውስጡ አየር እንኳ እንደሚከብድበት አልደበቀችም። ድምፅዋ አሁን ወፍሯል። ድንኳን ሰፊዋ በሩ አጠገብ ቆመው ሰሙ። ብዙውን አንድ ጊዜ ሰምተውታል፤ ግን ይህን ያህል ሰው ዝም ብሎ ልጃቸውን ሲያዳምጥ አይተው አያውቁም። ነጠላቸውን ሁለት ጊዜ አስተካከሉ።

አንድ ሰውዬ እጁን አወጣ። «ይሄንን ግን ማን ሰፋው?»

«እናቴ» አለች ልጅቱ። «ያቺ በሩ ጋ ያለችው።»

ሰው ሁሉ ዞረ። በመምህራን ክፍል ውስጥ ከሳቁት ሁለቱም ዞሩ። ጭብጨባው ከፊት ረድፍ ተነስቶ ወደ ኋላ መጣ።

«እጅ ይንሱ እንጂ እትዬ» አለ መቀሱ በሹክሹክታ።

ድንኳን ሰፊዋ አንገታቸውን ትንሽ ሰበር አደረጉ። «ልጄ ናት የሠራችው» አሉ ጎናቸው ለቆመችው የማያውቋት ሴት። «እኔ ጨርቅ ነው ያቀበልኳት።» ሴትዮዋ ኮከቡን ቀና ብላ እያየች «ስፌቱ አይታይም እኮ» አለች።

«ነጠላ ነው» አሉ ድንኳን ሰፊዋ። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን ቃል በኩራት ተናግረውት አያውቁም ነበር።

ኮከቡ ከዚያ ወዲህ ወደ ዘጠኝ ትምህርት ቤቶች ተወስዶ ቆሟል። አንድ ጊዜ የመስኮት ሚስማር ይዞት ተቀድዷል፤ የጠገኑት ድንኳን ሰፊዋ ናቸው።